የነጻ ሰው ትምህርት ለኑሮና ለሥራ ስላለው ጥቅም

(በቤተ ክርስቲያናችን የኢዮቤልዩ በዓል ሳምንት በነቀምቴ ለምእመናን የተነገረ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጆች እንድናገርበት የሰጡኝ ርእስ «ትምህርትና ኑሮ» የሚል ነው። ይህን የመረጡት ለጌጥ እንዳይደለ ኹላችንም እናውቃለን። በኢዮቤልዩው መዋጮ ከቤተ ክርስቲያናችን በስተ ምሥራቅ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ምን ይሠራ የሚለው ጕዳይ ሽማግሌዎችን ለኹለት ከፍሎ ከርሟልና። እኵሌቶቹ በመንገዱ በኩል የሚከራዩ ሱቆች ይሠሩ ይላሉ፤ እኵሌቶቹ ደግሞ ለልጆች የንባብ ቤትና የማታ ትምህርት ክፍል ይሠራ ይላሉ። ሱቅ ያሉት ሰዎች ክፉ ነገር አላሉም። ጣራው ያፈሳል፥ የወንጌላውያን ደመወዝ ይዘገያል፥ ኪራይ ግን በየወሩ ይገባል። ዳሩ ግን ከእነርሱ አንዱ፥ በዕድሜያቸውም በሥራቸውም የምናከብራቸው ነጋዴ አባት፥ በጉባኤ ተነሥተው «ታሪክና ሥነ ጽሑፍ፥ ሎጂክና ፍልስፍና የተማሩት ልጆቻችን ሥራ አጥተው ከቤት ተቀምጠዋል፤ ደግሞ ለዚህ ነው ወይ ቤት የምንሠራው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ በዚያን ቀንም ማንም በደኅና የመለሰላቸው የለም። እኔ ዛሬ በእናንተ ፊት ልመልስላቸው እሞክራለሁ።

አስቀድሞ ስለ ምን እንደምንነጋገር እንወቅ። በዚህ ዘመን ዩኒቨርሲቲዎች «ሊበራል አርትስ» የሚሉት ትምህርት ስሙ ከላቲን ቋንቋ የወጣ ነው። «ሊበር» ነጻ ማለት ነውና ትርጕሙ የነጻ ሰው ጥበባት ማለት ይሆናል። የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ ለወዳጁ ለሉኪሊዮስ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች በአንዱ፥ እነዚህ ትምህርቶች እንዲህ የተባሉት ለነጻ ሰው የተገቡ ስለ ሆኑ ነው ብሎ ስሙን ተርጕሞታል፤ ገንዘብ ለማግኘት ብቻ የሚማሩትንም ትምህርት ከዚህ ቍጥር አላገባውም። (ሴኔካ ራሱ ግን እጅግ ባለጸጋ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። ሆዱ የሞላ ሰው የገንዘብን ከንቱነት ለመናገር አይቸገርም።) በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት ጥበባቱን ሰባት አድርገው ቈጠሯቸው። እነርሱም ሰዋስው፥ የንግግር ጥበብ፥ ሎጂክ፥ የቍጥር ትምህርት፥ የምድር ልክ ወይም ጂኦሜትሪ፥ ዜማና የከዋክብት ትምህርት ናቸው።

ይህን የሰማ ሰው የፈረንጅ ነገር ነው ይል ይሆናል። ነገር ግን የአገራችንን የጥንት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ዐዲስ አይሆንበትም። ተማሪው በንባብ ቤት ፊደልና ዳዊት ይማራል፤ በዜማ ቤት የቅዱስ ያሬድን ዜማ ከነምልክቱ ያጠናል፤ በቅኔ ቤት የግእዝን ሰዋስው ከነአገባቡ አጥንቶ ዕለት ዕለት ዐዲስ ቅኔ እየቈጠረ ለመምህሩ ይነግራል፤ በመጻሕፍት ቤት አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በብዙ ፊት ይመረምራል፤ በባሕረ ሐሳብና በአቡሻኽር ደግሞ የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ ቈጥሮ የበዓላትን ቀን ያወጣል። ሰባቱን ጥበባት ከእነዚህ ጋራ ብታስተያዩአቸው የጐደለው ጂኦሜትሪ ብቻ ነው ለማለት ያስደፍራል። እኛ የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ልጆች ይህን የጐረቤታችንን መዝገብ እንደ ባዕድ ዕቃ ማየታችን ጕዳት ነው እላለሁ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተው ደራሲም ባለማተሚያ ቤትም የውጭ ጕዳይ ሚኒስትርም ሆነዋል። አቶ ሐዲስ ዓለማየሁ በጐጃም ቅኔ ተምረው፥ በጠላት ወረራ ዘመን አርበኛ ሆነው፥ በኢጣልያ ለዓመታት ታስረው፥ ከዚያም በኋላ በዲፕሎማትነትና በትምህርት ሚኒስትርነት አገልግለው፥ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ። ቅኔ ቤት አምባሳደር አያሠለጥንም። የሚያሠለጥነው ከአንድ ቃል ውስጥ ሰሙን ከወርቁ መለየት የሚችል ሰው ነው፤ አምባሳደርም ከዚህ የሚበልጥ ምን ሥራ አለው?

ወደ አገራችን ወደ ወለጋ ስንመለስ የነጻ ሰው ትምህርት ታሪክ ከሮማው ተገልብጦ እናገኘዋለን። በሮማ ነጻ ሰዎች ተማሩ፥ ባሮች ለእነርሱ ደከሙ። በእኛ ዘንድ ግን በእናቶቻችን ቋንቋ የተጻፈውን መጽሐፍ ያመጡልን ባሪያ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ የታዘዘው ኢዮቤልዩ ቀንደ መለከት ተነፍቶ ነጻነት የሚታወጅበት፥ የተሸጠው ሰው ወደ ወገኑ የሚመለስበት ኀምሳኛው ዓመት ነው። እኛ ኢዮቤልዩ ስንል ስለ ድንኳን ኪራይና ስለ ቲሸርት ማሰብ ለምደናል። ስሙ ግን የባሪያ ነጻ መውጣት ስም ነው፤ ስለዚህ የሚከተለው ታሪክ ከበዓሉ መራቅ ሳይሆን ወደ በዓሉ መግባት ነው።

አባ ገማቺስ ብለን የምንጠራቸው ኦነሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1856 ገደማ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ሒካ ነበረ። ገና ሕፃን ሳሉ ባሪያ ፈንጋዮች ሰርቀዋቸው ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ እጅ እየተሸጡ እስከ ምጽዋ ደረሱ። በዚያም በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ ተወላጅ ነጻ አወጣቸውና ለስዊድን ወንጌላዊት ሚስዮን ሰዎች ሰጣቸው። በ1872 ተጠምቀው ኦነሲሞስ ተባሉ።

በእነዚህ ኹለት ስሞች ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ። ኦሮምኛ የምታውቁ ኹሉ «ሒኩ» ማለት የታሰረውን መፍታት፥ ደግሞም የተሰወረውን ቃል መተርጐም እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። አማርኛም እንዲሁ ነው። ገመድን እንፈታለን፥ እስረኛን እንፈታለን፥ ሕልምን እንፈታለን፥ የቃልንም ትርጕም ፍቺ እንለዋለን። ኹለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ መተርጐምንና ነጻ ማውጣትን በአንድ ቃል ማሰራቸው ሊቃውንት ሊመረምሩት የሚገባ ነገር ነው። ኦነሲሞስ የሚለው ደግሞ በጽርእ ቋንቋ «ጠቃሚ» ማለት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ኮበለለው ባሪያ ስለ ኦነሲሞስ ለጌታው ለፊልሞና በጻፈው መልእክት፥ አስቀድሞ የማይጠቅም የነበረው ዛሬ ለአንተም ለእኔም ይጠቅማል እያለ በስሙ ላይ ቅኔ መሰል ጨዋታ ይጫወታል። ጌታ ባሪያን ጠቃሚ የሚለው ውኃ ሲቀዳለትና እንጨት ሲፈልጥለት ነው። ጳውሎስ ግን እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም ተቀበለው አለ። እንግዲህ «ምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ኹለት ፊት አለው፤ ለማን፥ እንደ ምንስ ሆኖ ይጠቅማል የሚለውን ሳንጠይቅ ልንመልሰው አንችልም።

ቄስ ኦነሲሞስ ከ1876 እስከ 1881 በስቶክሆልም አጠገብ በዮሐንስሉንድ ተማሩ። ከዚያም ወደ ወለጋ ለመግባት ሞክረው መንገዱ ስለ ተዘጋባቸው ወደ እምኵሉ ተመልሰው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ጀመሩ። የሥራው ክብደት ለማይተረጕም ሰው አይታየውም። አንድ ሰው የአንዱን ቋንቋ ሰዋስው ከሌላው ጋራ ማስተያየት፥ የጥንት ነገሥታትን ታሪክ፥ የከነዓንን መልክዐ ምድር፥ ሚዛኑንና መስፈሪያውን፥ ሕጉንና ዝማሬውን ማወቅ አለበት፤ ይህ ኹሉ ሳይኖረው አንዲት ምዕራፍ አይጨርስም። የእጅ ሥራ ብቻ ተምረው ቢሆን ኖሮ መልካም አናጢ በሆኑ ነበር፤ አናጢነትም የተናቀ ሥራ አይደለም፤ መጽሐፉ ግን ባልኖረን ነበር።

ትምህርታቸው ሙሉ ሆኖ ሳለ ግን አንድ ነገር ጐደላቸው። በሕፃንነታቸው ከእናታቸው ቤት ስለ ተሰረቁ የአዋቂ ሰው ኦሮምኛ በቂ አልነበራቸውም። ስዊድን አገር ይህን ሊሰጣቸው አይችልም። የጐደለውን የሞላችው አስቴር ጋኖ ናት። ይህች ሴት በ1886 በቀይ ባሕር ከባሪያ መርከብ ላይ ጣልያኖች አስጥለዋት ወደ እምኵሉ የመጣች ናት። ብዙ ቃላትን ሰብስባ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ 500 የሚያህሉ ተረቶችን፥ ምሳሌዎችን፥ እንቆቅልሾችንና ዘፈኖችንም በቃሏ ይዛ በወረቀት አሰፈረች። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 በእምኵሉ ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው መጽሐፍ ገቡ። ዐዲስ ኪዳን በ1893፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ በቅዱስ ክሪስቾና ታተመ። ኹሉም በግእዝ ፊደል የተጻፈ ነበረ።

አሁን ይህን አስተውሉ። እነዚህ ሰዎች ድኾች ነበሩ፤ ወረቀቱ በልመና የሚገኝ ነበር፤ አሳባቸውም ኹሉ በወንጌል ላይ ነበረ። ቢሆንም ቅሉ ልጅ መጀመሪያ የሚያነበውን መጽሐፍ ሲያዘጋጁ «ሒቦ» እያሉ ልጆች የሚጠያየቁትን እንቆቅልሽ፥ «ዱሪ ዱሪ» ተብሎ የሚጀመረውን ተረት አገቡበት። ጥቅም ማለት ለአንድ ሥራ ብቻ መዘጋጀት ነው ብለው ቢያስቡ ኖሮ ለእንቆቅልሽ የሚሆን ወረቀት ባልኖራቸው ነበር። እኔ በማየው፥ በዚህ አገር የነጻ ሰው ትምህርት የተጀመረው በዚያ መጽሐፍ ገጾች ላይ ነው፤ የጀመረችውም ተሸጣ የነበረች ሴት ናት።

በ1896 ዓ.ም. ኹለቱም ወደ ነቀምቴ መጡ፤ የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ ማለት ኩምሳ ሞሮዳ፥ ተቀበሏቸው። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ከተማችን ውስጥ ቆሞ ይታያል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቄስ ኦነሲሞስ ተከሰው እስከ አቡነ ማቴዎስና እስከ ንጉሠ ነገሥት ምኒልክ ደረሱ። ምኒልክም ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቅደው እንዳይሰብኩ ከለከሏቸው። የመስበክ ፈቃድ ያገኙት በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። ያ ክርክር ዛሬ እንዲቀሰቀስ አልፈልግም፤ የተናገርሁት ስለ ሌላ ነገር ነው። እንዳትሰብክ የተባለ ሰው ፊደል ማስተማር አልተወም፤ አስቴርም ልጆችን ማስተማሯን አልተወችም። አባ ገማቺስ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. በዚሁ በነቀምቴ አረፉ።

እንግዲህ ወደ እንጀራው ጥያቄ እንምጣ። ነጋዴው አባታችን «ይህ ኹሉ ደኅና ታሪክ ነው፤ ልጄ ግን በምን ይኖራል?» ቢሉኝ መብታቸው ነው።

ከቦጂ የወጡትን አቶ አማኑኤል አብርሃምን እንመልከት። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1913 ተወልደው፥ በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በዐዲስ አበባው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ። ከጠላት ወረራ በፊት በአሰበ ተፈሪ የትምህርት ቤት ኀላፊ ነበሩ። በወረራው ዘመን በሎንዶን በኢትዮጵያ ለጋሲዮን ጸሐፊ ሆኑ። ከነጻነት በኋላ በትምህርት ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር፥ ከዚያም በሕንድ፥ በኢጣልያና በእንግሊዝ የኢትዮጵያ መልእክተኛ፥ ኋላም የፖስታ፥ ቴሌግራፍና ቴሌፎን ሚኒስትር፥ በመጨረሻም የማዕድን ሚኒስትር ሆነው እስከ 1966ቱ አብዮት አገለገሉ። በዚሁም ላይ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ፕሬዚዳንት ሆነው ከ1963 እስከ 1985 በፈረንጅ አቈጣጠር ብዙ ዘመን መርተዋል። ለእነዚህ ሥራዎች ለእያንዳንዳቸው የሚሆን ልዩ ሞያ በትምህርት ቤት አልተሰጣቸውም። የተሰጣቸው ማንበብ፥ በጥንቃቄ መጻፍ፥ በሌላ ሰው ቋንቋ ማሰብ፥ የማያውቁትንም ነገር ሳያፍሩ መማር ነው። ከቦጂ የወጣ ልጅ ሥራ ሲለወጥበት አልጠፋም፤ ሥራ በተለወጠ ቍጥር ትምህርቱ ዐብሮት ይለወጥ ነበርና።

በደምቢ ዶሎ በኩል ደግሞ ቄስ ጊዳዳ ሶለን ነበሩ። ዐይናቸው በልጅነታቸው በፈንጣጣ ጠፍቶ ለማኝ የነበሩ፥ ኋላ የሳዮ ሰው ኹሉ የሚያከብራቸው ወንጌላዊ ናቸው። ልጃቸው ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ታሪክ ተማሩ፤ በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ስለ ሳዮ ኦሮሞ ታሪክ ጽፈው ዶክተር ሆኑ፤ ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ስለ ፖለቲካው ኹላችሁም የየራሳችሁ ፍርድ አላችሁ፤ እኔ የምናገረው ስለ ትምህርቱ ነው። ታሪክ ሥራ አይሰጥም ለሚል ሰው ይህ አንድ መልስ ይሆናል።

ሆኖም «እነዚህ የተመረጡ ሰዎች ናቸው፤ የእኔ ልጅ ሚኒስትር አይሆንም» የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። ስለዚህ ሚኒስትሮቹን እንተዋቸውና ከመካከላችን እንይ። በጊምቢ ቡና የሚገዛ ሰው ውል አንብቦ የማያስተውል እንደ ሆነ በአንዲት ቃል የዓመት ድካሙን ያጣል። (የከተማችን የቀድሞ ስም «ለቀምት» ዛሬም በዓለም የቡና ገበያ ላይ ይነገራል፤ እኛ ረሳነው፥ ነጋዴው ግን አልረሳውም።) የጤና ሠራተኛ መድኀኒቱን ብታውቅ፥ ለፈራች እናት በምትሰማው ቃል ማስረዳት ካልቻለች መድኀኒቱ ከሳጥን አይወጣም። በየመንደሩ ነገር የሚያስታርቁ ሽማግሌዎቻችን የኹለቱን ወገን ቃል ሰምተው፥ የተባለውን ካልተባለው፥ ምክንያቱን ከሰበቡ ለይተው ይፈርዳሉ። ይህ ሎጂክ ነው፤ ስሙን ባያውቁትም በዋርካ ሥር ተምረውታል። ልጆቻችን ግን ዋርካውንም አጥተዋል፥ መጽሐፉንም አላገኙም።

«ታሪክ የተማሩት ሥራ ፈቱ» ለተባለው ደግሞ የማስበውን በግልጥ ልናገር። ምሕንድስና የተማሩትም ሥራ የፈቱ አሉ፤ በየቤታችን እናውቃቸዋለን። የተበላሸው የትምህርቱ ዐይነት ብቻ ሳይሆን የአሰጣጡ መንገድ ነው። መምህሩ ያጻፈውን ማስታወሻ በቃሉ ይዞ ለፈተና የሚደግም ልጅ፥ የተማረው ታሪክ ቢባል ኬሚስትሪ ቢባል የነጻ ሰው ትምህርት አልተማረም። በቅኔ ቤት የትላንቱን ቅኔ ዛሬ የሚደግም ተማሪ ይነቀፋል፤ በእኛ ትምህርት ቤት ግን የሚሸለመው እርሱ ነው።

መንግሥትም በዚህ ነገር ሲያመነታ ኖሯል። በ1943 ዓ.ም. የዐዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሲቋቋም በአርትስና በሳይንስ ጀመረ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮም ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ ሸምገል ያላችሁት ከዩኒቨርሲቲ በመጡ ወጣቶች የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው ፖሊሲ መሠረት የመጀመሪያው ዓመት አጠቃላይ ትምህርት ወደ መሰናዶ ትምህርት ቤት ወረደ፥ የብዙው ዲግሪ ዘመንም ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ዐጠረ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶው ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፥ 30ው ብቻ ወደ ማኅበራዊ ትምህርት እንዲገባ ተወሰነ። የዚያን ጊዜ በከተማችን የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ዓመት ያህሉ ነበር። ከዚያ በኋላ በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ተመለሰ። የሎጂክ፥ የሥነ ልቡና፥ የታሪክ፥ የአንትሮፖሎጂና የመልክዐ ምድር ትምህርት ለሐኪሙም ለመሐንዲሱም እንዲሰጥ ሆነ። አንድ ትውልድ ተሞክሮበት ወደ ተነሣንበት ተመለስን ማለት ነው። መመለሱን አመሰግናለሁ፤ በመካከል ያለፉት ልጆች ግን የእኛ ልጆች ናቸው።

ከዚህም የሚያሳዝነው ነገር ይህ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ከመቶው 3.3ቱ ብቻ ግማሽና ከዚያ በላይ አመጡ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ሆነ። በእኛ በወለጋ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት በብዙ ወረዳዎች ትምህርት ቤት ተዘግቶ፥ መምህራን ተበትነው፥ ልጆች ዓመታት ቀርተውባቸዋል። ከመቶው ዘጠና አራትና ዘጠና ስድስት የሚሆኑት ልጆች ወዴት ይሂዱ? ስለ ዩኒቨርሲቲ ስናወራ ስለ ጥቂቶቹ ብቻ እናወራለን። እኔ የንባብ ቤቱን የምፈልገው ለቀሩት ነው። ፈተና የወደቀ ልጅ በወላጆቹ ፊት አንገቱን ደፍቶ ይዞራል፤ ዕውቀት የመንግሥት በር ነበረ፥ በሩም ተዘጋብኝ ብሎ ያምናልና። አንድም ሰው ዕውቀት በር ብቻ ሳይሆን ቤት እንደ ሆነ አልነገረውም፤ ብንነግረውም የምናስገባበት ክፍል የለንም።

ዛሬ ደግሞ ደብዳቤ የሚጽፍ፥ ሒሳብ የሚያሰላ፥ ሲጠይቁት የሚመልስ የኮምፒዩተር መሣሪያ በልጆቻችን እጅ ባለው ስልክ ገብቷል። አንዳንዱ ሥራ በእርሱ ምክንያት እንደሚቀር ግልጥ ነው። የትኛው እንደሚቀር ግን ዐሥር ዓመት አስቀድሞ ለይቶ የሚነግረን የለም፤ ስለዚህ ልጅን ለአንድ ሥራ ብቻ ቀርጾ ማውጣት ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የሚያሰጋ ሆነ። መሣሪያው ያለውን ኹሉ እውነት ነው ብሎ የሚቀበል ልጅ ጌታ ለውጦ እንጂ ነጻ አልወጣም።

ስለ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሳልናገር ባልፍ ደግ አይሆንም። በቦጂ በ1929 በፈረንጅ አቈጣጠር ተወልደው፥ በዚሁ በነቀምቴ ሆስፒታል ድሬሰር ሆነው ሠሩ፤ ኋላም ክህነት ተቀብለው በአሜሪካ በሚኒሶታ ነገረ መለኮት ተማሩ፤ ከ1966 ጀምሮም በዚያው አቈጣጠር የቤተ ክርስቲያናችን ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናችን ለውጭ አገር አብያተ ክርስቲያናት በላከችው ጽሑፍ፥ ለልማት የሚሰጠውን ገንዘብ ከወንጌል ሥራ ለይታችሁ ሰውን ለኹለት አትክፈሉብን፥ ሰው አንድ ሙሉ ፍጥረት ነው የሚል አሳብ ቀረበ። በዚህም ሥራ የእርሳቸው እጅ ዋና ነበረ። የነቀምቴ ድሬሰር ከአውሮፓ ሊቃውንት ጋራ እንዲህ ለመከራከር የበቃው ቍስል ማጠብንም ማሰብንም ስለ ተማረ ነው። ደርግ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ወስዶ ገደላቸው። ሱቅና የንባብ ቤት እያልን ስንከራከር፥ ያን ያስወገዱትን ክፍያ በገዛ ጓሯችን እንደ ገና እንዳንሠራው እፈራለሁ።

ስለዚህ ያለኝን አሳብ ላቅርብ። ቦታው ለኹለቱም ይበቃል። በመንገዱ በኩል ሦስት ሱቆች ይሠሩ፤ ከኋላቸው የንባብ ቤቱ ይሠራ፤ የአንዱ ሱቅ ኪራይ ለመጻሕፍትና ለመብራት ይመደብ፥ የቀሩት የኹለቱ ለጣራውና ለወንጌላውያን ደመወዝ ይዋል። መጻሕፍቱ በኦሮምኛ፥ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይሁኑ፤ መዝገበ ቃላት በየቋንቋው ቢያንስ ኹለት ኹለት ይኑር፤ የስብከት መጻሕፍት ብቻ ይግቡ የሚለውን አልስማማበትም። በማታው ክፍል መጻፍና መከራከር ይማሩ፤ ክርክሩም ዛሬ በደገፈው ነገር ላይ በሚቀጥለው ሳምንት ተቃዋሚ ሆኖ እንዲቆም በማድረግ ይሁን። ሐሙስ ማታ አረጋውያን መጥተው ተረትና የጐሣ ታሪክ ይንገሩ፥ ልጆቹም ይጻፉ፤ አስቴር ጋኖ ያደረገችውን ማለት ነው። ከጐረቤት ደብር ያሉትን የቅኔ መምህርም ፈቃዳቸው ከሆነ ቅኔ እንዴት እንደሚቈጠር እንዲያሳዩን በአክብሮት እንጠይቅ። ፈተና ያለፈም የወደቀም እኩል ይግባ፤ በበሩ ላይ የውጤት ወረቀት አይጠየቅ።

ንድፉ በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ነው። ሱቅ ይሠራ ያሉትን ነጋዴውን አባታችንንም፥ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ለልጆቹ የሒሳብ አያያዝ እንዲያስተምሩልን ጠይቄአቸዋለሁ፤ እስካሁን እንቢ አላሉም።